የእናቴ ውጤት ላይ «ኢ-ካድሄሪን ኔጌቲቭ» ይላል፤ ተሰራጭቷል ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሐዋሳዋ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ቀኝ ጡቷ ላይ አንድ ቦታ ወፈር ብሎ አገኘችው። ክብ እብጠት አይደለም። ከዚህ እስከዚህ ነው ተብሎም አይለይም። ማሞግራም ተነሳችና «ግልጽ የሆነ ነገር አይታይም» ተባለች። ደስ ብሏት ልትተወው ነበር። ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ እሷ ነች አልትራሳውንድ ካልታየሽ ብላ የወተወተቻት። አልትራሳውንዱ ላይ ታየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ትናንት መጣ።

ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ልገልብጠው፦ «ኢንቬሲቭ ሎቡላር ካርሲኖማ፣ ግሬድ 2። ኢ-ካድሄሪን ኔጌቲቭ። ኢአር ፖዘቲቭ 90%። ፒአር ፖዘቲቭ 60%። ኸር-2 ኔጌቲቭ፣ 1+።»

ካንሰር መሆኑን ሐኪሙ ነግሮናል። ወደ ካንሰር ሐኪም ሪፈር ተጽፎልናል፤ ቀጠሮው ግን ገና ነው። እስከዚያ ቤት ቁጭ ብለን ወረቀቱን እናገላብጣለን። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ «ኢ-ካድሄሪን ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው፤ ሲጠፋ ካንሰሩ ይሰራጫል» የሚል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ተሰራጭቷል ማለት ነው?

ሌላም አለ። አንድ ዘመዳችን ዱቄት ከምትሸጥ ሴት ጋር አገናኘን። ሴትየዋ እንደምትለው የካንሰር ሴል ክፉ የሚሆነው ከጎረቤቶቹ ጋር መነጋገር ሲያቆም ነው። ዱቄቱ «ኮኔክሲን» የሚባል ፕሮቲን ይመልሳል፣ ከዚያ ሴሎቹ ራሳቸው ይረጋጋሉ አለች። ጥናት ነው ብላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ላከችልን። ዋጋው ከወር ደመወዜ ይበልጣል። እናቴ ኬሞ በጣም ስለምትፈራ ልቧ ወደዚያ ሄዷል። ነገሩ እውነት አለው?

ደግሞስ እኔና ታናሽ እህቴስ? በእናቴ ወገን የጡት ካንሰር ያለበት ሰው ሰምተን አናውቅም።


መልስ፦ ስላይድ ቤት

እህቴ፣ እግዜር እናትሽን ይማርልሽ። ፓቶሎጂስት ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ አንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የእናትሽን ስላይድ አላየሁትም። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት ምን እንደሚሉ ግን ልነግርሽ እችላለሁ።

እንቅልፍ ከነሳሽ ልጀምር። ኢ-ካድሄሪን ኔጌቲቭ ማለት ተሰራጭቷል ማለት አይደለም። ስለ መሰራጨት የሚነግረን የብብት ንፍፊቶች ምርመራና ስካን ነው። ይህ ቃል የሚነግረን የካንሰሩን ዓይነት ነው። «ሎቡላር» የሚለውን ስም የሚያጸና ማስረጃ ነው በይው።

ኢ-ካድሄሪን በሴሉ ሽፋን ላይ ይቀመጣል። ወደ ውጭ የወጣው ክፍሉ የጎረቤት ሴሉን ኢ-ካድሄሪን ይይዛል፤ ለዚህም ካልሲየም ያስፈልገዋል። ወደ ውስጥ የገባው ክፍሉ ደግሞ ካቴኒን በሚባሉ ፕሮቲኖች በኩል ከሴሉ አጽም ጋር ይታሰራል። ስለዚህ ሥራው ማጣበቅ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ አጠገቡ መኖሩን ለሴሉ ይነግረዋል። ሴሉም ቅርጹንና አካሄዱን በዚያ ያስተካክላል።

ብዙዎቹ የጡት ካንሰሮች ዳክታል የሚባሉት ናቸው። በእነሱ ውስጥ ኢ-ካድሄሪን አብዛኛውን ጊዜ አለ። ኢ-ካድሄሪንን የሚያሳየውን ቀለም ናሙናው ላይ ስንቀባ የእያንዳንዱ ሴል ዳር በቡናማ መስመር ተከቦ ይታያል። ሴሎቹም ተያይዘው ጓል ይሠራሉ። ሎቡላር ግን ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ነው። እዚያ ኢ-ካድሄሪን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሴሎቹ አይያያዙም። አንድ በአንድ፣ በነጠላ ሰልፍ፣ በጤናማው ሥጋ መሃል ይገባሉ። እናትሽ ክብ እብጠት ያላገኘችው በዚህ ምክንያት ነው። ማሞግራሙ ያላየውም በዚሁ ነው። ሎቡላር ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታይ ጓል አይሠራም። ያቺ ነርስ ጎረቤታችሁ ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ አመስግኑልኝ።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎችም የሚጠቅም አንድ ነገር ልበል። «ኔጌቲቭ» የሚል ውጤት የሚታመነው ያው ስላይድ ላይ ያለ ጤናማ የወተት ቱቦ ቡናማ ሆኖ ሲታይ ነው። ጤናማውም ካልቀለመ ችግሩ ከካንሰሩ ላይሆን ይችላል። ቀለሙ አልሠራም፣ ወይም ናሙናው ተበላሽቷል ማለት ነው። እኛ ጋ የሚመጡ አንዳንድ ናሙናዎች ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ) ውስጥ የገቡት በጣም ዘግይተው ነው። አንዳንዱም ለእርሱ በማይበቃ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይመጣል። እንዲህ ያለ ናሙና የኢአርን፣ ማለትም የኤስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይን ውጤትም ያሳስታል። ፖዘቲቭ የነበረው ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ሴትየዋም የሚገባትን ኪኒን ሳታገኝ ትቀራለች። ይህ ነገር እጅግ ያሳዝነኛል፤ በቀላሉ ሊቀር የሚችል ስህተት ነውና። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። እዚያም ከ6 ሰዓት ባላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይቆይ። የእናትሽ ኢአር 90% ወጥቷል። ይህ ሕዋሱ በደህና እንደተያዘ ያሳያልና በዚህ በኩል አትስጉ።

«ኢ-ካድሄሪን ሲጠፋ ይሰራጫል» ያልሽው ለረጅም ጊዜ ሲባል የኖረ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ አለ። በአይጦችና ከሰው በተወሰዱ የዳክታል ዕጢዎች ላይ ኢ-ካድሄሪንን አጠፉ። ሴሎቹ በዙሪያቸው ወዳለው ሥጋ በብዛት ገቡ። ሌላ አካል ላይ ደርሶ ዕጢ መትከል ግን አቃታቸው። በመንገድ ላይ ይሞቱ ነበር። ለዚያ ካንሰር ኢ-ካድሄሪን የመኖሪያ ስንቁ ነበር ማለት ነው። ሎቡላር ደግሞ ያለ እሱ መኖርን ከመጀመሪያው የተማረ ነው። ስለዚህ አንድን ፕሮቲን ብቻ ነጥሎ «ካለ ጥሩ፣ ከሌለ መጥፎ» ማለት አይቻልም። የየትኛው ካንሰር፣ በየትኛው ጊዜ፣ በየትኛው አካል ውስጥ የሚለውን አብሮ መጠየቅ ይገባል።

የእናትሽ ወረቀት ላይ ለሕክምናዋ ትልቁ ወሬ ኢአር 90% የሚለው ነው። እሱም የመልእክት ፕሮቲን ነው፤ ሥራው መቀበል ነው (ፒአር ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ተቀባይ ነው)። ኤስትሮጅን ሌላ ቦታ ያሉ ሴሎች የሚልኩት መልእክት ነው። በወጣትነት ከኦቫሪ (ከእንቁላል ማምረቻው) ይመጣል፤ ሴት ካረጠች በኋላ ደግሞ በአብዛኛው ከስብ ሕዋስ። ኢአር በሴሉ ውስጥ ሆኖ ይህን መልእክት ይቀበልና «ተባዛ» ይለዋል። ታሞክሲፌን ተቀባዩን ይይዝበታል። ሌትሮዞልና አናስትሮዞል ደግሞ መልእክቱ ራሱ እንዳይመረት ያደርጋሉ። እናንተ በዱቄት ልታስተካክሉት የተባለውን የሴሎች ንግግር፣ እነዚህ ኪኒኖች ካንሰሩን በሚጎዳው መስመር ላይ ይቆርጡታል። ታሞክሲፌን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ የተጠና፣ ብዙ ሴት ያዳነ መድኃኒት ነው። ዋጋውም ከዱቄቱ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ውርስ ደግሞ። የኢ-ካድሄሪን ጂን ሲዲኤች1 ይባላል። በአብዛኞቹ ሎቡላር ካንሰሮች ጂኑ የተበላሸው ዕጢው ውስጥ ብቻ ነው። እናትሽ ከወላጆቿ ያመጣችው፣ ለእናንተም የምታስተላልፈው ነገር አይደለም። ከወላጅ የተወረሰ የሲዲኤች1 ብልሽት የያዙ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። መጀመሪያ የታወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በእነዚያ ቤተሰቦች ሰዎች በወጣትነታቸው አንድ ዓይነት የጨጓራ ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ሴቶቹንም ሎቡላር የጡት ካንሰር ያሰጋቸዋል። እናም በቤተሰባችሁ በጨጓራ ካንሰር በወጣትነቱ የሞተ ሰው ካለ ለካንሰር ሐኪሙ ንገሩት። ከሌለም የእናት ታሪክ ታሪክ ነውና አንቺም እህትሽም ጡታችሁን ተከታተሉ። ለውጥ ካያችሁ አትዘግዩ።

ስለ ኮኔክሲን እዚህ መድረክ ላይ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ወንድም አለ። ይምጣና ይናገር።


መልስ፦ ባዮኬሚስት ከጎንደር

ጠራሽኝ ዶክተር፣ መጣሁ። እህቴ፣ እናትሽን ይማርልን። የዶክትሬት ሥራዬ ኮኔክሲን 43 ላይ ነበር፤ ስለዚህ ሴትየዋ የላከችላችሁ ነገር ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ሥሩ እውነት ነው። የሸጠችላችሁ መደምደሚያ ግን እውነት አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ እንዲህ ያለው ነው፤ ግማሽ እውነት ስለያዘ የተማረ ሰው እንኳ ያምነዋል።

ኮኔክሲን ምንድን ነው? ስድስት ኮኔክሲኖች ክብ ሠርተው በሴሉ ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይሠራሉ። ጎረቤት ሴሉም የራሱን ይሠራል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ሲገጥሙ ከአንዱ ሴል ሆድ ወደ ሌላው ሆድ ቀጥታ መተላለፊያ ይከፈታል። ይህ ጋፕ ጃንክሽን ይባላል። የጋራ ግድግዳ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች እሳትና ጨው የሚቀባበሉበት ትንሽ ቀዳዳ ብለሽ አስቢው። ትልቅ ፕሮቲን አያልፍበትም። ክብደታቸው እስከ 1,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሆኑ ነገሮች ያልፋሉ፦ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ትንንሽ የመልእክት ሞለኪውሎች። ሰው 21 የኮኔክሲን ጂኖች አሉት። ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር የፕሮቲኑ ክብደት ነው፤ 43 ማለት 43 ኪሎ ዳልተን ገደማ።

ጡት ውስጥ ሥራቸው የታወቀ ነው። የወተት ቱቦው ሁለት ረድፍ ሴሎች አሉት። የውስጠኛው ረድፍ በዋናነት ኮኔክሲን 26 ይጠቀማል። የውጪው ረድፍ ኮኔክሲን 43 ይጠቀማል። የውጪዎቹ ሕፃን ሲጠባ ተኮማትረው ወተቱን የሚገፉት ናቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲኮማተሩ ምልክቱ ከአንዱ ወደ አንዱ መተላለፍ አለበት።

አሁን ወደ ካንሰሩ። በ1966 እ.ኤ.አ. ሎዌንስታይንና ካኖ የሚባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ሥራ አወጡ። የአይጥ ጉበት ሴሎች ውስጥ ቀጫጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው ኤሌክትሪክ ሰደዱ። በጤናማው ጉበት ከሴል ወደ ሴል በደንብ አለፈ። በጉበት ካንሰሩ ግን ቆመ። «የካንሰር ሴል ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር ያቆማል» የሚለው አባባል ከዚህ ነው የተስፋፋው። በጡት ካንሰርም በብዙ ዕጢዎች ኮኔክሲን 43 ይቀንሳል፤ ወይም ሽፋኑ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ሴሉ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ሴትየዋ ልክ ናት።

ችግሩ ታሪኩ እዚህ አያልቅም። በ2006 እ.ኤ.አ. ፖላንድ ውስጥ የጡት ዕጢዎችንና ከእነሱ ወደ ንፍፊት የተዛመቱትን አነጻጽረው አዩ። ንፍፊት ውስጥ የገቡት ኮኔክሲን 26 እና 43 ከመጀመሪያው ዕጢ በበለጠ ነበራቸው። በመነሻው የጠፋው ነገር በኋላ ይመለሳል ማለት ነው።

በጣም የገረመኝ ግን የ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። ኒውዮርክ ከሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ወጥቶ ኔቸር ላይ ታተመ። የጡትና የሳንባ ካንሰር ሴሎች አንጎል ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ? አንጎል ውስጥ አስትሮሳይት የሚባሉ ደጋፊ ሴሎች አሉ። የካንሰር ሴሉ ፕሮቶካድሄሪን 7 በሚባል ፕሮቲን ከአስትሮሳይቱ ጋር ይጠጋጋል። ከዚያ በኮኔክሲን 43 ጋፕ ጃንክሽን ይከፍታል። በዚያም ሲጋምፕ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ወደ አስትሮሳይቱ ይልካል። አስትሮሳይቱ ይህን ሲቀበል ቫይረስ የገባበት ይመስለዋል። ኢንተርፌሮንና ቲኤንኤፍ የሚባሉ የበሽታ መከላከያ መልእክቶችን ያመነጫል። እነዚህ ደግሞ ተመልሰው የካንሰር ሴሉን ያጠናክሩታል፤ ኬሞም እንዲቋቋም ያደርጉታል። በአይጦች ላይ ጋፕ ጃንክሽኑን በሚያዳክሙ ሜክሎፌናሜትና ቶናበርሳት በሚባሉ መድኃኒቶች ዘጉት። በአንጎል ውስጥ ያለው ዕጢ ተዳከመ።

ታዲያ አስቢው። ሴትየዋ ኮኔክሲን እመልሳለሁ ትላለች። እዚህ ደግሞ ተመራማሪዎች ያንኑ ኮኔክሲን ለመዝጋት ነው የሞከሩት። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለውን (ኢአርም ፒአርም ኸር-2ም ኔጌቲቭ የሆኑበትን) የጡት ካንሰር ሲያጠኑ ሌላ ነገር አገኙ። ኮኔክሲን 26 ቀዳዳ መሥራቱን ትቶ ሴሉ ውስጥ ይቀመጣል። እዚያም ናኖግና ፋክ ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ የካንሰሩን ግንድ ሴሎች፣ ማለትም ካንሰሩን እንደገና ማብቀል የሚችሉትን፣ ይጠብቃቸዋል። ይህ የእናትሽ ዓይነት አይደለም። የማነሳው አንድ ፕሮቲን ቤቱን ቀይሮ ሥራውንም እንደሚቀይር ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮቲን በጭፍን «ጨምር» ማለት አደጋ ነው።

ከዱቄቱ ጀርባ ያለው ሐሳብም ይታወቃል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ካሮቲኖይድ የሚባሉ ነገሮች፣ ካሮት ውስጥ ያሉት ዓይነት፣ በብርጭቆ ሳህን ውስጥ ባሉ የአይጥ ሴሎች ላይ ኮኔክሲን 43 እንደሚጨምሩ ታየ። እውነተኛ፣ በደንብ የተሠራ ሥራ ነው። ሳህን ግን ሰው አይደለም። ካሮቲኖይድ በኪኒን መልክ በሰው ላይ ሲሞከር የሆነውን እናውቃለን። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ቀነሰላቸው? ጨመረባቸው፤ በ18 በመቶ። አሜሪካ ውስጥም 18,314 አጫሾች፣ ማጨስ ያቆሙና አስቤስቶስ የነካቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ የሚወስዱት ላይ የሳንባ ካንሰሩ 28 በመቶ በልጦ ስለተገኘ በ1996 እ.ኤ.አ. ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ይህ የሳንባ ካንሰር ነው፤ አጫሾች ናቸው። ለጡት ካንሰር ቀጥታ መልስ አይሆንም። ግን ሳህን ላይ መልካም የመሰለ ነገር ሰው ላይ ሊገድል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ካሮት ትብላ፣ ጎመን ትብላ፣ ምግብ ነው። ዱቄቱን ግን አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ነገ የሆርሞን ኪኒን ስትጀምር አብሮ ምን እንደሚሠራም አይታወቅም። ጡት ካንሰር ላይ ኮኔክሲን በመመለስ የሚያድን የተፈቀደ መድኃኒት ዛሬ በየትኛውም አገር የለም። ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን ያፈሰስኩበት ነገር ነዋ።


መልስ፦ እማማ ከየካ

ልጄ፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ሎቡላር ግን አውቃለሁ፤ የእኔም እሱ ነበር። እኔንም እንደ እናትሽ ማሞግራሙ አላየውም። የጡቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲሳብ ነው የነቃሁት።

ኬሞ ትፈራለች ብለሻል። ትፍራ፣ የማይፈራ የለም። ግን ኬሞ ያስፈልጋታል ያለ ሐኪም እስካሁን የለም። ለእኔ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር፣ ከዚያ ሌትሮዞል ነው የታዘዘልኝ። ለእሷ ምን እንደሚታዘዝ ሐኪሟ ያውቃል። ገና ያልታዘዘውን ፈርታ የሚታዘዘውን እንዳትተው ምከሪያት።

ኪኒኑም የራሱ ነገር አለው። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼና ጉልበቴ ይያያዛሉ። ትኩሳት ይመጣና ነጠላዬን እጥላለሁ፣ ወዲያው ይበርደኛል። ቀስ እያልኩ መራመድ ስጀምር ቀለል አለኝ። የአጥንት ምርመራም ጠይቁ፤ አጥንት ያሳሳል ብለውኛል። እኔ ጠበሌን እጠጣለሁ፣ ጸሎቴንም አደርሳለሁ፤ ኪኒኔንም አልዘለልኩም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ይህንን ለእናትሽ ከእኔ ነው በያት። ከፈለገች በውስጥ መስመር ጻፊልኝና በስልክ አዋራታለሁ። እንደ እኔ ያለፈበት ሰው ሲነግራት ይሻላል።


ጠያቂ፦ ሐዋሳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእማማን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። አለቀሰች፣ ከዚያ «ደውይልኝ» አለችኝ። እማማ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ። ዱቄቱን አንገዛም። ዘመዳችንንም ይህን ውይይት ላክሁለት።

ዶክተር፣ ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ኸር-2 1+ ማለት ትንሽ አለ ማለት አይደል? ታዲያ ለምን ኔጌቲቭ ይሉታል? ደግሞ ቀጠሮው ቀን ምን ይዘን እንሂድ፣ ምን እንጠይቅ? ከሐኪም ፊት ስንቀርብ ሁሉም ነገር ነው የሚጠፋብን።


መልስ፦ ስላይድ ቤት

ጎበዝ። እናትሽ ማልቀሷም መልካም ነው።

ኸር-2 በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ የመልእክት ተቀባይ ነው። ራሱ የሚይዘው መልእክት እስካሁን አልተገኘለትም። ከወንድሞቹ፣ በተለይ ከኸር-3 ጋር ተጣምሮ ነው «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው። ጤናማ የጡት ሴልም ጥቂት አለው። ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ግን ጂኑ ተባዝቶ ፕሮቲኑ ከልክ በላይ ይበዛል። በ1987 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ የዚህ ጂን መባዛት ካንሰሩን አስቸጋሪ እንደሚያደርገው አሳዩ። በ1998 እ.ኤ.አ. ትራስቱዙማብ የሚባል ኸር-2ን የሚያጠቃ መድኃኒት ተፈቀደ። ስለዚህ ቀለሙን የምንለካው ከ0 እስከ 3+ ነው። 3+ ፖዘቲቭ ነው። 2+ ጂኑን በሌላ ምርመራ ማየት ይፈልጋል። 0 እና 1+ ኔጌቲቭ ይባላሉ፤ ትራስቱዙማብ አይጠቅማቸውምና። ሎቡላር ውስጥ 3+ ብዙም አይገኝም።

ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን 1+ አትናቁት። በ2022 እ.ኤ.አ. ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የሚባል መድኃኒት ለተሰራጨ ጡት ካንሰር፣ 1+ ለሆኑም ጭምር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። በአገራችን ማግኘቱም መክፈሉም ከባድ ነው። ለእናትሽም ዛሬ የሚመለከታት አይደለም፤ አያስፈልጋትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሆኖም ወረቀቱ እንዳይጠፋ።

ለቀጠሮው፦ የፓቶሎጂውን ዋና ወረቀትና ኮፒውን፣ የአልትራሳውንዱንም የማሞግራሙንም ፊልም ይዛችሁ ሂዱ። የማሞግራሙን ምንም አልታየም ብላችሁ ቤት አትተዉት። የወር አበባዋ መቼ እንደቆመ በቀኑ ጽፋችሁ ያዙ። 52 ላይ አርጣለች ወይስ አላረጠችም የሚለው ከታሞክሲፌንና ከሌትሮዞል የቱ እንደሚታዘዝ ይወስናል። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጻፉ፤ የደም ግፊትም ሆነ የስኳር፣ ቤት ውስጥ የሚፈላ ቅጠልም ቢሆን።

ከምትጠይቋቸው ሁሉ የግራ ጡቷን ጉዳይ አስቀድሙ። ሎቡላር በሌላኛውም ጡት የመገኘት ዕድሉ ከዳክታል ትንሽ ከፍ ይላል፤ ማሞግራም ብቻ አይበቃም። አልትራሳውንድ፣ ከተገኘም ኤምአርአይ ይሠራላት እንደሆነ ጠይቁ። ዕጢው በእጅ ከሚዳሰሰው በላይ ሊሰፋ ስለሚችል ቀዶ ሐኪሙም ይህን ከቢላዋ በፊት ቢያውቅ ይሻላል። የብብት ንፍፊቷም በአልትራሳውንድ ይታይ።

ሌላው ክትትሉ ነው። ሎቡላር ከ5 ዓመት በኋላም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሲመጣም ሌሎቹ የጡት ካንሰሮች እምብዛም ወደማይሄዱበት፣ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን፣ ወደ ጨጓራና አንጀት፣ ወደ ኦቫሪ ሊሄድ ይችላል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ሆዷን ቢነፋት ወይም ምግብ አልወርድ ቢላት የሚያያት ሐኪም ሎቡላር እንደነበረባት መስማት አለበት። ብዙ ጊዜ ማንም አይነግረውም፣ እሱም በጨጓራ መድኃኒት ይመልሳታል።

የናሙናው ብሎክ ማለትም በሰም የተያዘው ሥጋ በየትኛው ላብራቶሪ እንዳለ ጠይቂና ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ ገልብጪ። ሌላ ምርመራ ቢያስፈልጋት እናትሽ እንደገና መወጋት የለባትም። ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው ከፈለጋችሁም ብሎኩን መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ምን እንዳሏችሁ እዚሁ ጻፊልን።